ሸወደን ወይስ አጭበረበረን?

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን አንድ የወንጀል ፊልም አየን። ስሙን አልጠራም፤ ያላየው ሰው ይኖራል። ጨለም ያለ ፊልም ነው። ዝናቡ አያባራም፣ አንዲት ሴት ጠፍታለች፣ አንድ የደከመው መርማሪ ይባዝናል። አንድ ደግ ጎረቤት ደግሞ ከፍለጋው አይጠፋም። ባትሪ ይዞ ጫካ ለጫካ ይዞራል፣ ለፖሊሶቹ ሻይ ያፈላል። የመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች ላይ ገዳዩ እሱ ሆኖ አረፈው። ይባስ ብሎም ሳይያዝ ቀረ።

የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ያወራ ጀመር። አንደኛው «እኔማ ገና ብቅ ሲል ነው የነቃሁበት» አለ። ሁለተኛዋ «ይሄ ማጭበርበር ነው እንጂ ፊልም አይደለም» ብላ ተቆጣች። ሦስተኛው ስለ ማጭበርበር ግድም አልነበረው፤ የከነከነው ሰውዬው መኪናውን አስነስቶ በሰላም መሄዱ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። ለምን እንደወደድኩት ሲጠይቁኝ ግን ተንተባተብኩ።

አንድ ፊልም፣ አንድ ሶፋ፣ አራት ሐሳብ። መጨረሻው ላይ ሁሉንም ነገር የሚገለብጥ ፊልም፣ ብዙዎቻችን ትዊስት የምንለው፣ ሁሌም ሰውን እንዲህ ይከፋፍላል። ስለ ፍቅር ፊልም ብንጠየቅ «ደህና ነው፣ ይታያል» ብለን እናልፋለን። እንዲህ ያለው ላይ ግን ወይ «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ነው፣ ወይ «ሁለት ሰዓቴን መልሱልኝ» ነው። መሃል ላይ የሚቆም ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ሰዎች «መጨረሻው አልተመቸኝም» ሲሉ ጆሮዬን ጣል ማድረግ እወዳለሁ። እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጨርሶ የማይገናኙ ቅሬታዎች ተጨናንቀዋል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣውም ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ ስለ ሐቀኝነት ያወራል፣ ሌላው ስለ ፍትሕ፣ ሦስተኛው ስለ ራሱ ብልጠት።

ከብልጡ እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። «አውቄው ነበር» የሚል ሰው የግድ እየዋሸ አይደለም። በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባሩክ ፊሽሆፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አወጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቻይናና ወደ ሞስኮ ሊጓዝ ሲል፣ ምን ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎች እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ጉዞው ካለቀ በኋላ ያኔ ምን ገምተው እንደነበር ተጠየቁ። የሆነውን ነገር ከሰጡት ግምት ከፍ አድርገው «እንዲህ ብዬ ነበር» አሉ። ውጤቱ ሲታወቅ የድሮው ግምታችን ራሱ ተስተካክሎ ይታወሰናል። ጓደኛዬም ጎረቤቱን ጠርጥሮት ይሆናል። ግን በዚያች ምሽት መርማሪውንም፣ የጠፋችውን ሴት ባልም፣ ውሻ ይዞ ያለፈውን ሰውዬም ሲጠረጥር ሰምቼዋለሁ። ሁሉንም የጠረጠረ አንዱን ማግኘቱ አይቀርም።

ከበድ የሚለው የሁለተኛዋ ቅሬታ ነው። እሷ «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለች። እኔ ደግሞ አፌ ላይ የመጣው «ሸወደኝ» የሚለው ነበር። ቃላቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። አንድ አጥቂ በቀኝ ልሂድ ብሎ በግራ ሲያልፍ «ሸወደው» እንላለን። ተከላካዩ ቢናደድም ዳኛ ፊት ሄዶ አይከስም። ኳሷን በእጁ ገፍቶ ካለፈ ግን ማንም ሸወደው አይልም። ሁለቱም ተከላካዩ ያልጠበቀው ነገር ነው። ልዩነቱ ጨዋታው በሚፈቅደው መንገድ መሆኑና አለመሆኑ ላይ ነው።

ታዲያ ፊልም ላይ የጨዋታው ሕግ ምንድን ነው? እኔን ያሳመነችኝን ትዕይንት ልንገራችሁ። ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ፣ መርማሪው ጎረቤቱ ቤት ተቀምጧል። የሻይ ማንቆርቆሪያው ያፏጫል። ያኔውኑ የመርማሪው ስልክ ይጮሃል። በዚያ ሁካታ መሃል ጎረቤቱ ሻይ እየቀዳ «ምስኪን፣ በዚያ እርጥብ ካፖርት እንዴት በርዷት ይሆን» ይላል። ሴትየዋ ካፖርት ለብሳ እንደወጣች ለማንም አልተነገረም። ፖሊሶቹ ራሳቸው ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። አራታችንም ሰምተናታል። ድምፁ አልተደፈነም፣ ትርጉሙ አልተጣመመም። እኛ ግን የስልኩን ጥሪ ተከትለን ሄድን።

ቅኔ የሚወድ ሰው ይህን ዘዴ አያጣውም። ኅብረ ቃሉ የተቀመጠው ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። አንዱን ትርጉም ይዞ ያለፈ ሰው ሌላውን ሲያገኝ የሚናደደው በራሱ ነው፤ ባለቅኔውንማ ያደንቀዋል። ጥሩ ትዊስትም አዲስ መረጃ ይዞ አይመጣም። የነበረውን መረጃ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል እንጂ። መጨረሻው ላይ ድንገት መንታ ወንድም ከሰማይ ሲወርድ የምንናደደው ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን የምናየው ነገር የለማ።

ጓደኛዬ ግን ካፖርቱን አልካደችም። የሷ ክስ ሌላ ትዕይንት ላይ ነበር። ጎረቤቱ ከፍለጋ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ያለቅሳል። ማንም አያየውም። መንገዱ ጨለማ ነው። ካሜራው ደግሞ ፊቱ ላይ ተጠግቷል። «ብቻውን ሆኖ ለማን ነው የሚያስመስለው?» አለች። «ለኔ ነው! ዳይሬክተሩ እኔን ለማታለል ነው ያስለቀሰው።»

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የወንጀል ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። በ1926 አጋታ ክሪስቲ የሮጀር አክሮይድን ግድያ የሚተርክ ልብ ወለድ አወጣች። ማላገጫ እንዳልሆን እንጂ ይህን ያህል ዘመን የቆየ መጽሐፍ ሚስጥሩ ቢወጣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይመስለኝም፦ ገዳዩ ታሪኩን የሚነግረን ሰው ራሱ ነው። ያኔ «ይሄ ነውር ነው» ያሉ ነበሩ። ተራኪው ግን አንድም ውሸት አልተናገረም። ግድያው የተፈጸመባቸውን ደቂቃዎች በአንዲት አድበስባሽ ዓረፍተ ነገር ዘለላቸው፣ ያለቀ ነገር። ሌላዋ የዘመኑ ታዋቂ የወንጀል ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ ክሪስቲን ደግፋ ተከራክራለች። ሁሉንም መጠርጠር የአንባቢው ሥራ ነው ባይ ነበረች።

ከመጽሐፉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አሜሪካዊ ሃያ ሕጎች አወጣ። ብዙዎቹ ዛሬ ያስቃሉ። አንዱ ግን እስካሁን ይሠራል። አንባቢው ሊታለል የሚገባው ወንጀለኛው መርማሪውን ባታለለበት ዘዴ ብቻ ነው ይላል። ማለትም ገዳዩ ይዋሽ፣ መብቱ ነው። ደራሲው ግን በራሱ አንደበት አይዋሽ።

ፊልም ላይ የደራሲው አንደበት ካሜራው ነው። ይህን በራሱ ላይ ደርሶበት ያወቀው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በ1950 በሠራው «ስቴጅ ፍራይት» መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው የሆነውን ነገር ይተርካል፣ እኛም በምስል እናየዋለን። በኋላ ታሪኩ ውሸት ነበር ይባላል። ተመልካቹ ተቆጣ። ሂችኮክ ከዓመታት በኋላ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከትሩፎ ጋር ሲጨዋወት፣ ያንን ውሸታም ትዝታ ማስገባት ፈጽሞ ማድረግ ያልነበረብኝ ነገር ነው ብሏል። ሰው በቃሉ ቢዋሽ እንቀበላለን። ዓይናችን ያየውን «አልነበረም» ሲሉን ግን እንደተዘረፍን ይሰማናል።

ሁሉም በዚህ አይስማማም። በ1995 የወጣውን «ዘ ዩዥዋል ሰስፔክትስ» ውሰዱ። አብዛኛው ታሪክ አንድ የታሰረ ሰው በፖሊስ ቢሮ ተቀምጦ የሚናገረው ነው። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ማካሪ በዚህ ጽሑፍ ኦስካር ወስዷል። በዘመኑ ከነበሩት ሐያሲዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሮጀር ኤበርት ግን ከአራት ኮከብ አንድ ተኩል ብቻ ነው የሰጠው። ታሪኩን በተረዳሁት መጠን እንኳ ግድ አልሰጠኝም ነው ያለው። ሚሊዮኖች «ሸወደን» ብለው ያጨበጨቡለትን እሱ ለምን ደከምን ብሎ ጠየቀ። ትዊስቱ ከተገለጠ በኋላ ከታሪኩ ምን ይተርፋል? እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ፤ የኤበርት ጥያቄ ግን ትክክል ይመስለኛል። አንዳንድ ፊልም ዕንቆቅልሹ ሲፈታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ሳጥን ካልን አይቀር፣ ወደ ሦስተኛው ጓደኛዬ ልለፍ፤ ገዳዩ ለምን አልተያዘም ወዳለው። የሱ ቁጣ ከማጭበርበር ጋር ምንም አያገናኘውም። ፊልሙ በሐቅ እንደተጫወተ ያምናል። የተናደደው በዓለሙ ነው።

የፊልም ኩባንያዎች ይህን ቁጣ ከማንም በላይ ይፈሩታል። በ1987 የወጣው «ፌታል አትራክሽን» መጀመሪያ ላይ ሌላ መጨረሻ ነበረው። ሴትየዋ ራሷን ታጠፋለች፣ ወንጀሉም በሰውዬው ላይ እንዲላከክ አድርጋ። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች አልወደዱትም። እሷ ስትቀጣ ማየት ፈለጉ። ዋናዋ ተዋናይት ግሌን ክሎዝ ለውጡን አጥብቃ ተቃወመች፣ ግን ተሸነፈች። መጨረሻው እንደ አዲስ ተቀረጸ፣ ፊልሙም ገንዘቡን ዛቀ። በንግድ ዓይን ተመልካቹ ትክክል ነበር። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጣ ሲያበድረን ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ዕዳውን አልከፍልም ሊል ነበርና። ይሁንና የተጣለው መጨረሻ የተሻለ ነበር የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔም አንዱ ነኝ።

ተቃራኒው የሆነው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፣ «ሰቨን» ላይ። ያየ ሰው ሳጥኑን ያውቃል። ላላየው ደግሞ፣ በረሃማ ቦታ ላይ አንድ ሳጥን ይመጣል ከማለት በላይ አልሄድም። ጸሐፊው አንድሩ ኬቨን ዎከር መጀመሪያ የጻፈው ይህንን ነበር። ኩባንያው ግን ጨለማው በዛ ብሎ አለሳልሶ አስጽፎታል። ለዳይሬክተሩ ለዴቪድ ፊንቸር የተላከለት በስህተት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። እሱም ያንን ካልሆነ አልሠራም አለ። ብራድ ፒትም ሳጥኑ እንዳይነካ ብሎ በአቋሙ ጸና። እንዲያም ሆኖ ትንሽ ድርድር አልቀረም። ፊንቸር ከመጨረሻው ድንጋጤ በኋላ ማያ ገጹ ጥቁር እንዲሆን ነበር የፈለገው። በምትኩ የሞርጋን ፍሪማን ድምፅ ገባ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ከመነሳቱ በፊት ትንፋሽ እንዲሰበስብ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2025 መጀመሪያ ላይ እንደገና በትልቅ ስክሪን ታይቷል።

ስለዚህ «ሕዝቡ ጨለማ መጨረሻ አይወድም» የሚባለው ወሬ ብዙም አያስኬድም። ሕዝቡ የማይወደው ከሰማይ የወደቀ ጨለማ ነው። «ሰቨን» ውስጥ ዝናቡም፣ የቆሸሸው ከተማም፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ሳምንት የቀረው የመርማሪው ተስፋ መቁረጥም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወዴት እንደምንሄድ ይነግሩናል። አላመንናቸውም እንጂ ነግረውናል።

ጨለማውን አውልቆ ታሪኩን ብቻ ማስቀረት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ለዚህ የምወደው ምሳሌ የኔዘርላንዱ ዳይሬክተር ጆርጅ ስሉዘር ነው። በ1988 ስለ ጠፋች ሴት አንድ ፊልም ሠራ፤ መጨረሻው እስከዛሬ ሰው እንቅልፍ ይነሳል። በ1993 ራሱ ስሉዘር ያንኑ ታሪክ አሜሪካ ሄዶ ደገመው። ያው ዳይሬክተር፣ ያው ታሪክ፣ ግን የሚያጽናና መጨረሻ። ሐያሲዎቹ አልራሩለትም። ዛሬ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያውን ነው። መጨረሻው ከሥር የተሸከመው ምሰሶ ስለነበር፣ እሱን ሲነቅሉት ላዩ ላይ ያለው ቤትም አብሮ ተንገዳገደ።

አስቂኙ ደግሞ የ2022ቱ ነው። ቻይና ውስጥ ቴንሰንት በሚባለው ኩባንያ የቪዲዮ አገልግሎት ላይ የወጣው «ፋይት ክለብ» መጨረሻው ተቆርጦ ነበር። ሕንፃዎቹ ሊፈነዱ ሲሉ ምስሉ ይጠፋና ጽሑፍ ይመጣል፦ ፖሊስ ሤራውን ደረሰበት፣ ወንጀለኞቹ ተያዙ፣ ፍንዳታው ከሸፈ። በቃ! ተመልካቾች ሳቁም፣ ተቆጡም። ከሳምንታት በኋላ የተቆረጠው አብዛኛው ክፍል ተመለሰ። ፍትሕ ለናፈቀው ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «እንዲህስ ይቅርብኝ» አለ። ለካ እሱም የፈለገው ማንኛውንም ፍትሕ አልነበረም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ምሽት አስተያየት ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲኒማስኮር የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። ፊልም በወጣበት ምሽት ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ለተመልካቾች ካርድ እያደለ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ያስሞላቸዋል። ኤፍ ያገኙ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከነሱ መሃል ብራድ ፒት የተወነበት የ2012ቱ ጨለምተኛ የወንጀል ፊልም «ኪሊንግ ዘም ሶፍትሊ» ይገኛል። ያንን ፊልም ብዙ ሐያሲዎች ወደውታል። ካርዱ የሚለካው የፊልሙን ጥራት ሳይሆን ሰው ጠብቆ የመጣውን ማግኘቱን ነው። ተኩስ ጠብቆ የመጣ ሰው ስለ ገንዘብና ስለ አገር ንትርክ ሲያገኝ ኤፍ ይሰጣል። አይፈረድበትም።

ትዊስት ላለው ፊልም ይህ ችግር እጥፍ ነው። «መጨረሻው ያስደነግጥሃል» ብለው ሲጋብዙህ ፊልሙን ገድለውታል። ከዚያ በኋላ ታሪክ አታይም፣ ምርመራ ታካሂዳለህ። የፈረንሳዩ ክሉዞ በ1955 በሠራው የግድያ ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ያያችሁትን ለጓደኞቻችሁ አትንገሩ የሚል ጽሑፍ አስገብቷል። ልመናው ራሱ ማስታወቂያ ሆነ። ሂችኮክ ደግሞ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ከለከለ። ሕዝቡ ደጅ ተሰልፎ ጠበቀ።

ሚስጥር ማውጣት፣ ስፖይለር የምንለው፣ እውነት ያን ያህል ይጎዳል? በ2011 ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለሰዎች አስነበቡ። ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን ቀድመው ነገሯቸው። የተነገራቸው ይበልጥ ወደዱት፣ ትዊስት ያላቸውን ታሪኮች ጭምር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አግኝተዋል፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ ላይ ሙከራ እንዳታደርጉ። እኔ ግን ውጤቱ አልገረመኝም። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ምን ሆነ የሚለውን ትቶ እንዴት ሸወዱን የሚለውን ያያል። ሁለተኛው ደስታ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ይህንን ለተቆጣችው ጓደኛዬ ነግሬያት ነበር። ሳቀችብኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ስልኬ ጮኸ። ፊልሙን ብቻዋን ደግማ እያየችው ነበር፣ የመኪናው ትዕይንት ላይ አቁማዋለች።

«መሃረቡ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እንባውን የጠረገበት።»

«አልጠረገበትም። ልክ እንዳንተ እኔም እንባውን የጠረገ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ዞሮ የኋላ ወንበሩን ነው የሚጠርገው። ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ። ከዚያ መሃረቡን አየት አድርጎ ኪሱ ይከታል። ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከስልኩ ወዲያ ዝናቡ ይሰማኛል፣ የፊልሙ ዝናብ።

«ወንበሩ እርጥብ ነበር» አለች።